ዝም ያለ ቫልቭ ደህና ቫልቭ ማለት አደለም፦ የድሮ ሲጂ ሞተር ስለማደስ ለተጻፈው ምላሽ

ሰሞኑን የድሮ ሆንዳ ሲጂ 125 ሞተር ሙሉ በሙሉ ፈቶ ስለማደስ የተጻፈ አንድ ረዘም ያለ ጽሑፍ ሞተር ሳይክል የሚወድ ሰው ሁሉ ሲቀባበለው አይቻለሁ፣ ለኔም ከየአቅጣጫው ተልኮልኛል። እውነቱን ለመናገር ጽሑፉ መጥፎ አደለም። ስለ ፒስተን ቀለበት፣ ስለ ኩሽኔታ፣ የጓርኒሲዮን ቅሪት ፊቱን ሳትቧጥጥ ስለማጽዳት የጻፈው ጥሩ ነው፣ ሰውየው እጁ ዘይት የነካ መሆኑ ያስታውቃል። ነገሩ የሚበላሸው ቫልቭ ጋ ሲደርስ ነው። እዛ ጋ የሚለው ባጭሩ ይሄ ነው፦ የቫልቩን ክፍተት (ቫልቩ ተዘግቶ ሳለ በዘንጉ ጫፍና ዘንጉን በሚጫነው ሮከር መካከል የምትቀረዋን ቀጭን ክፍተት) ሞተሩ ሞቅ ካለ በኋላ አስተካክሉ፣ ድምፁ እስኪጠፋ አጥብቡት፣ ቁጥሩን ካላወቃችሁ ለማንኛውም የድሮ ሞተር 0.10 ሚሜ ይሆናል፣ ፊለር ጌጅ (ክፍተት የሚለካበት ስስ የብረት ምላጭ) ከሌለ ደሞ ወረቀት ይበቃል፣ ማግኔቱ ላይ ያለችው፣ ፒስተኑ ላይ መድረሱን የምታሳየው የቲ ምልክት ከገጠመች በቃ፣ ክፍተቱ ልክ ከመጣ ካም ሻፍቱ (እየዞረ ቫልቮቹን የሚያስከፍተው ዘንግ) ደህና ነው ማለት ነው፣ አንዴ ከተሠራ መነካካት አያስፈልግም፣ በመጨረሻ ደሞ አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ቤንዚኑም እርሳስ ስለሌለው ትንሽ ሰፋ አድርጉት። ይሄ የመጨረሻው ከላይ «አጥብቡት» ካለው ጋር እንዴት አብሮ እንደሚሄድ እሱ ይወቀው። ብቻ ከነዚህ ውስጥ አብዛኛው ልክ አደለም፣ አንዳንዱ ደሞ ቫልቭ የሚያስበላ ስለሆነ ዝም ብሎ ማለፍ ከበደኝ።

መጀመሪያ ስለ ሞተሯ ትንሽ፣ ምክንያቱም ብዙው ነገር ከዚ ይነሳል። ሲጂ በ1970ዎቹ አጋማሽ (በፈረንጅ) የወጣች ናት፣ ብራዚል ማናውስ ላይ በ1976 መመረት ስትጀምር ማስታወቂያዋን የሠራላት ፔሌ ነበር፣ እንግዲህ ዕድሜዋን ገምቱት። ካም ሻፍቷ ያለው እላይ ቴስታታው (ቫልቮቹ ያሉበት የሲሊንደሩ ራስ) ውስጥ ሳይሆን ታች ነው፣ የሚያዞረው ማርሽ ነው፣ ካም ቼን የሚባል ነገር የለባትም። አንዷ የካም አፍንጫ (ጎበጥ ብላ የወጣችው ክፍል) ሁለቱንም፣ የማስገቢያውንም የማስወጫውንም ቫልቭ፣ በሁለት ፑሽሮድ (ገፊ ዘንግ) በኩል ቫልቩን ተጭኖ ወደሚከፍተው ሮከር ትገፋለች። ቻይናዎቹ ኮፒ አድርገው ስለጨረሷት ዛሬም ሶማሌ ተራ ወጣ ብትል መለዋወጫ አታጣም፣ ለዚ ነው ብዙ ሰው ከድሮ ሞተር ሁሉ እሷን ለማደስ የሚደፍረው። ሆንዳ ለሁለቱም ቫልቭ ያስቀመጠው ክፍተት 0.08 ሚሜ ነው፣ በቀዝቃዛ ሞተር። ይሄን ቁጥር ያዙልኝ።

«ድምፁ እስኪጠፋ አጥብቡት» ከሚለው ልጀምር፣ ምክንያቱም ከሁሉም አደገኛው እሱ ነው። ደሞ ብዙ ጋራዥ ውስጥ የምትሰማው ነገር ስለሆነ ጸሐፊው ብቻ አደለም ጥፋተኛው፣ ደንበኛው ራሱ «ቲክ ቲክ ይላል ዝም አስብልልኝ» እያለ ይመጣል መካኒኩም ዝም ያስብልለታል፣ ሰውየው ደስ ብሎት ይሄዳል።

ቫልቭ ተዘግቶ ሲቀመጥ ሥራው ሁለት ነው። አንዱ ሁሉም የሚያውቀው ነው፣ ኮምፕሬሽን መያዝ። ሁለተኛው ግን ይረሳል፣ ሙቀቱን ማራገፍ። የማስወጫው ቫልቭ እሳት ውስጥ ነው የሚኖረው፣ ያን ሁሉ ሙቀት በአብዛኛው የሚያስረክበው ደሞ ቴስታታው ላይ ካለው ሲት (የቫልቩ መቀመጫ) ጋር በሚገናኝባት በዛች ቀጭን ቀለበት በኩል ነው፣ እሱም በተዘጋባት ጊዜ ብቻ። አሁን ክፍተቱን እያጠበብክ ድምፁን አጠፋህ እንበል። ሞተሩ ሲሞቅ የቫልቩ ዘንግ ይረዝማል፣ የቀረችው ክፍተት ትበላለች፣ ሮከሩ ቫልቩን በፀጉር ስፋት ከፍ አድርጎ ይይዘዋል። ቫልቩ ሲቱን በደንብ አይነካም ማለት ነው፣ ስለዚ ሙቀቱን ማራገፍ አይችልም፣ በዛ ላይ በእያንዳንዱ ፍንዳታ የሚነደው ጋዝ በዛች ቀዳዳ በኩል እያፏጨ ያልፋል። ከጠርዙ አንድ ቦታ መበላት ይጀምራል፣ ከዛ የተበላው ቦታ ላይ የበለጠ ጋዝ ያልፋል፣ የበለጠ ይበላል። ቴስታታው ወርዶ ቫልቩን ስታወጣው ጠርዙ ላይ በአንድ በኩል ብቻ የተቆረጠ የመሰለ ነጣ ያለ ጎድጓዳ ታያለህ፣ ያ ነው።

ምልክቱ ደሞ ከድምፅ ጋር ምንም አያገናኘውም። ጠዋት በአንድ ርግጫ የሚነሳው ሞተር ከሞቀ በኋላ አልነሳም ይላል፣ አይድሉ ይወዛወዛል፣ ማርሚታው ውስጥ ጠብ ጠብ የሚል ፍንዳታ ትሰማለህ፣ የጠበበው የማስገቢያው ከሆነ ደሞ በካርቡሬተሩ በኩል ወደኋላ ይተፋል። ሰዉ እነዚህን ሲያይ ካንዴላ ይቀይራል፣ ኮይል ይቀይራል፣ ካርቡሬተር ያጥባል፣ ቫልቩን ግን አይጠረጥርም ምክንያቱም ዝም ብሏላ!

የሰፋው ደህና ነው እያልኩ አደለም። የካም ቅርጽ ላይ ቫልቩን ቀስ አድርጎ የሚያነሳና ቀስ አድርጎ የሚያስቀምጥ ለስላሳ ዳገት አለ፣ ክፍተቱ በጣም ከሰፋ ያ ዳገት ይዘለላል ቫልቩም ሲቱ ላይ እየተወረወረ ያርፋል፣ ዘግይቶ ይከፈታል ቀድሞ ይዘጋል፣ ጉልበትም ይቀንሳል። ግን ቢያንስ ይጮሃል፣ ይነግርሃል። ጠባቡ አይነግርህም። ፑሽሮድ ያለው አሮጌ ሞተር ደሞ ትንሽ ቲክ ቲክ ማለቱ ተፈጥሮው ነው፣ 0.08 ላይ ሆኖ ትንሽ ከተሰማህ ተወው።

«ሞተሩ ሞቅ ሲል አስተካክሉ፣ ምክንያቱም የሚሠራው በሙቀት ነው» የሚለው ላይ ላዩን ሲያዩት አሳማኝ ይመስላል። ግን ሞቅ ማለት ስንት ነው? አምስት ደቂቃ አይድል ላይ የቆመ ሞተርና እንጦጦን ወጥቶ የመጣ ሞተር አንድ አደሉም። ሂሳቡን እንየው እስቲ። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረት እጥፍ ገደማ ነው የሚለጠጠው፦ 100 ሚሜ ርዝመት ያለው አሉሚኒየም ሙቀቱ በ100 ዲግሪ ሲጨምር 0.23 ሚሜ ገደማ ይረዝማል፣ ያው ርዝመት ያለው ብረት 0.12 ገደማ። ስለዚ በአሉሚኒየም ሲሊንደር ላይ በብረት ፑሽሮድ የሚሠራ ሞተር ሲሞቅ አካሉ ከፑሽሮዱ በላይ ያድጋል፣ ክፍተቱን ይከፍተዋል። በሌላ በኩል የማስወጫው ቫልቭ በብዙ መቶ ዲግሪ ይግላል፣ 80 ሚሜ የሚሆን ብረት በ300 ዲግሪ ሲሞቅ ብቻ ከሩብ ሚሜ በላይ ይረዝማል፣ እሱ ደሞ ክፍተቱን ይዘጋዋል። ሁለቱ በተቃራኒ ይጎተታሉ፣ እያንዳንዳቸው ደሞ ከምንፈልጋት 0.08 ይበልጣሉ! ታዲያ አንተ ክዳኑን ከፍተህ ፊለር ጌጅ ፍለጋ ስትንጎራደድ ቫልቩ በአንድ ፍጥነት ይቀዘቅዛል፣ ሲሊንደሩ በሌላ ፍጥነት ይቀዘቅዛል፣ የምትለካው ቁጥር በየደቂቃው ሌላ ነው።

ፋብሪካው ይሄን ሁሉ አስልቶ ሞክሮ ሲያበቃ ነው «በቀዝቃዛ ሞተር 0.08» ብሎ የጻፈው። ቀዝቃዛ ሲልም ዝም ብሎ አደለም፣ የሆንዳ ማንዋሎች ከ35 ዲግሪ በታች ይላሉ። ይሄ አዲስ አበባ ላይ ምንም ማለት አደለም፣ ድሬዳዋ ወይ ሰመራ ላለ ሰው ግን ትልቅ ነገር ነው፣ ፀሐይ ላይ የቆመች ሞተር ሳትነሳም ከ35 ታልፋለች። እዛ አካባቢ ያላችሁ ማታ ጥላ ውስጥ አሳድራችሁ በጠዋት ሥሩት። በሙቅ ይስተካከል የሚል ማንዋል በተለይ የድሮ መኪኖች ላይ አለ፣ እሱን አልክድም፣ ማንዋሉ ሙቅ ካለ ሙቅ ነው። የሲጂው ግን አይልም።

ቀጥሎ ቁጥሩና ወረቀቱ። ለማንኛውም የድሮ ሞተር 0.10 የሚለውን ሳይ ለሁሉም በሽታ አንድ ክኒን የሚሰጥ ፋርማሲ ነው ትዝ ያለኝ። እስቲ እናስተያይ፦ የሆንዳ ሲቢ 350 ባለ ሁለት ሲሊንደሩ ማስገቢያው 0.05 ማስወጫው 0.10 ነው። የድሮው ትራያምፍ ቦንቪል 650ም እንደዛው፣ በኢንች 0.002 እና 0.004 ብሎ ነው የሚጽፈው። ቢኤስኤ ኤ65 ላይ ስትሄድ 0.008 እና 0.010 ኢንች ነው፣ ማለትም 0.20 እና 0.25 ሚሜ ገደማ። ኋለኞቹ አየር የሚያቀዘቅዛቸው ቢኤምደብሊው ቦክሰሮች 0.10 እና 0.20። የድሮው ሮያል ኢንፊልድ ቡሌት ደሞ ጭራሽ ክፍተት የለውም፣ ፑሽሮዱ በጣት ሲዞር ይዞራል ወደላይ ወደታች ግን መንቀሳቀስ የለበትም፣ በቃ። እንግዲህ ኤ65 ላይ 0.10 አድርገህ ስትነዳ አስበው። ማስወጫው ቶሎ አለቀ ማለት ነው። ለሲጂውም ቢሆን 0.10 ልክ አደለም፣ ቅርብ ስለሆነ ቶሎ አይጎዳም ይሆናል እንጂ የተጻፈው 0.08 ነው።

ወረቀት ላይ ደሞ ምን ልበል። ተራው የፕሪንተር ወረቀት 0.1 ሚሜ ገደማ ነው፣ ጫን ስትለው ይሳሳል። ፊለር ጌጅ ውድ ዕቃ አደለም። ገዝተህ ምላጩን ጥረግ፣ ዘይት ካለው ያሳስትሃል። ከዛ 0.08ቱ ትንሽ እየያዘ መንሸራተት አለበት፣ 0.10ሩ ግን አልገባም ማለት አለበት፣ ሁለቱንም ካልሞከርክ «እየያዘ» የሚለው ስሜት ብቻውን ሰው በሰው ይለያያል።

እዚ ጋ ጸሐፊው ጭራሽ ያልነካው ነገር አለ፣ በድሮ ሞተር ላይ ደሞ ዋናው እሱ ነው። የሮከሩን ማስተካከያ ብሎን ፈተህ አውጣና ጫፉን ብርሃን ላይ አዙረህ እየው። ብዙ ዓመት የሠራ ከሆነ የቫልቩ ዘንግ የሚመታው ቦታ ላይ ክብ ጉድጓድ አለው፣ በጥፍርህ ስትነካው ጠርዙ ይታወቅሃል። ፊለር ጌጁ ጠፍጣፋ ስለሆነ በጉድጓዱ ላይ እንደ ድልድይ ይቀመጣል እንጂ ውስጡ አይገባም። ጉድጓዱ 0.05 ከሆነ አንተ 0.08 አደረግኩ ስትል እውነተኛው ክፍተት 0.13 ነው። ከዛ ቲክ ቲክ ይላል፣ አንተም «ለካሁት እኮ» ትላለህ፣ የጸሐፊውን ምክር ሰምተህ ታጠብቀዋለህ። ሞተሩን ፈተህ እያደስክ ያን ብሎን አለመቀየር በእውነት ስስት ነው። ዘንጉ ጫፍም ላይ እንደዛው አረጋግጥ፣ ቫልቩ ራሱ አልቆ ከሆነ ብሎን ብቻ መቀየር አያድነውም።

የቲ ምልክቷን በአጭሩ ልለፈው። ባለ አራት ስትሮክ ሞተር ላይ ፒስተኑ በሁለት ዙር ውስጥ ሁለቴ ነው ላይ የሚደርሰው፣ ቲዋም ሁለቴ ትገጥማለች፣ አንዱ ላይ ግን የጭሱ ማብቂያና የአየሩ መግቢያ ስለሆነ ቫልቮቹ ሁለቱም ገና ትንሽ ተከፍተው ናቸው። ካንዴላውን አውጣ ሞተሩ በቀላሉ እንዲዞርልህ፣ በግራ በኩል ማግኔቱን በሰዓት ቆጣሪ ተቃራኒ አዙረው፣ የማስገቢያው ቫልቭ ተከፍቶ ሲዘጋ እይ፣ ከዛ ቀጥሎ የምትመጣው ቲ ናት ትክክለኛዋ። ሁለቱንም ሮከር በእጅህ ነቅነቅ ስታደርጋቸው ሁለቱም ትንሽ ትንሽ ማለት አለባቸው፣ አንዱ ግትር ካለ ወይ ቦታው ስህተት ነው ወይ ክፍተቱ ቀድሞ አልቋል።

«ክፍተቱ ልክ ከመጣ ካም ሻፍቱ ደህና ነው»። ኧረ በፍጹም! ክፍተት የምትለካው እኮ ካሙ ጀርባውን ሰጥቶ ሳለ ነው፣ አፍንጫው ወደዛ ዞሮ። ካም ደሞ የሚበላው አፍንጫው ላይ ነው። አፍንጫው ግማሽ ሚሜ ቢጎድል ፊለር ጌጅህ ያው 0.08 ይላል። ሲጂ ላይ በተለይ አንዷ አፍንጫ ሁለቱንም ቫልቭ ስለምትገፋ እሷ ስትበላ ማስገቢያውም ማስወጫውም በአንድ ላይ ትንሽ መከፈት ይጀምራሉ፣ ሞተሩ አይጮህም አይተፋም ግን ዳገት ላይ አቅም የለውም። የተፈታ ሞተር በእጅህ እያለ ካሙን በማይክሮሜትር ለካው፣ የሚገፉትን ሁለቱን ተከታዮችም ፊታቸውን እይ፣ የተቦጫጨረ ካለ ካሙን አዲስ አድርገህ እነሱን አሮጌ አትግጠም፣ ይበሉታል።

«አንዴ ከተሠራ መንካት አያስፈልግም» የሚለው ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱም አዲስ የታደሰ ሞተር ከአሮጌው በላይ ነው ክፍተቱ የሚሸሸው። ቫልቭና ሲት በዱቄት ሲፈጩ ቫልቩ ወደ ቴስታታው ጠለቅ ብሎ ይቀመጣል፣ ዘንጉ ወደ ሮከሩ ይጠጋል። አዲስ የተፈጨው ፊት ደሞ በመጀመሪያዎቹ መቶ ምናምን ኪሎ ሜትሮች እየተመታ የበለጠ ይቀመጣል። በዛ ላይ አዲሱ የቴስታታ ጓርኒሲዮን ሙቀትና ጫና ሲያገኘው ይሳሳል፣ ብሎኖቹ እንደገና ሲጠብቁም ቴስታታው ትንሽ ይወርዳል። ካሙ ላይ ቴስታታው ውስጥ ባለበት ሞተር ይሄ ለክፍተቱ ምንም አያመጣም፣ ካሙም ሮከሩም ቫልቩም አብረው ስለሚወርዱ። ሲጂ ላይ ግን ካሙ ታች ነው፣ ፑሽሮዱ ርዝመቱ ያው ነው፣ ቴስታታው ወረደ ማለት ሮከሩ ወደ ፑሽሮዱ ወረደ ማለት ነው። ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ነው የሚገፉት፣ ወደ መጥበብ። ቀድሞውንም «ድምፁ እስኪጠፋ» ያጠበብከው ከሆነማ ምን ይተርፋል?

ስለዚ መጀመሪያ አስነስተህ በደንብ አሙቀኸው ሙሉ በሙሉ ሲቀዘቅዝ የቴስታታውን ዳዶዎች እንደ ማንዋሉ ጫና አረጋግጥ፣ ከዛ በኋላ ነው ቫልቩ፣ ቅደም ተከተሉ አይገለበጥም። ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ነድተህ ደሞ ድገመው። ስታጠብቅም ተጠንቀቅ፣ የማስተካከያው ብሎን ጫፍ ላይ ያለችውን አራት ማዕዘን ይዘህ ዳዶውን ስታጠብቀው ወይ ብሎኑ አብሮ ይዞራል ወይ ዳዶው ወደ ላይ ይስበውና ክፍተቱ ይሰፋል። የብሎኑ ጥርስ 0.5 ሚሜ ከሆነ ሙሉ ዙሩ 0.5 ነው፣ የምትፈልጋት 0.08 ከዙሩ አንድ ስድስተኛ እንኳን አትሞላም፣ እጅህ ትንሽ ስታመልጥ ልኬቱ ሄደ። ዳዶው ከጠበቀ በኋላ ያልለካኸው ክፍተት አልተለካም። ክዳኑን ከመዝጋትህ በፊት ሞተሩን በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር አዙረህ ቲዋ ላይ መልሰህ አንዴ ለካ።

የእርሳሱ ነገር ቀረ። ከሰሃራ በታች ያለው የአፍሪካ ክፍል ከእርሳስ ቤንዚን የወጣው በፈረንጅ 2006 መግቢያ ላይ ነው፣ አዲስ ነገር አደለም። እርሳሱ ሲቱን ይከላከል ነበር የሚለው እውነት አለው፣ ግን ዋናው ተጎጂ ሲቱ ከራሱ ከቴስታታው ብረት የተቀረጸ የድሮ ሞተር ነው። ሲጂ ቴስታታዋ አሉሚኒየም ስለሆነ ሲቱ ለብቻው የገባ ጠንካራ ቀለበት ነው። ደሞ ሲት ሲበላ ቫልቩ ወደ ውስጥ ይሰምጣል፣ ክፍተቱ ይጠባል፣ ብዙ ሰው ሲበላ የሚሰፋ ይመስለዋል። ከጠረጠርክ መፍትሔው ቶሎ ቶሎ መለካት ነው፣ እያንዳንዱ ልኬት ላይ እየጠበበ ከመጣ ሲቱ ወይ ቫልቩ እየሄደ ነው፣ ቀድመህ ታውቃለህ። በግምት አስፍተህ ብትተወው ግን ይሄን መረጃ ራስህ አጠፋኸው።

ከፍታው ጭራሽ ከቫልቭ ክፍተት ጋር አይገናኝም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩ ታች ካለው በአምስት አንድ እጅ ገደማ የሳሳ ነው፣ ስለዚ ለቆላ የተስተካከለ ካርቡሬተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይይዛል፣ ሞተሩ ይታፈናል። ብረቱ ግን ምን ከፍታ ላይ እንዳለ አያውቅም፣ በ20 ዲግሪ አዲስ አበባም ላይ በ20 ዲግሪ ሌላ ቦታም ላይ ርዝመቱ አንድ ነው። ካንዴላህ እየጠቆረ ካስቸገረህ አነስ ያለ ጄት (ካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚን የሚያሳልፈው ባለ ቀዳዳ ብሎን) ፈልግ፣ የቫልቩን ክዳን ለዚ ብለህ አትክፈተው።